ፊት አልባው ተዋናይ፦ አሌክ ጊነስ በልቦለድና በካሜራ መካከል

ልቦለድ ወደ ፊልም ስለሚመለስበት መንገድ ውይይት በተነሣ ቁጥር ስማቸው የሚጠራው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ልቦለዱን የጻፈው ደራሲና ፊልሙን የመራው ዳይሬክተር። ተዋናዩ የተሰጠውን ቃል አጥንቶ ከመናገር ያለፈ ድርሻ እንደሌለው ተቆጥሮ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የልቦለድንና የፊልምን ዝምድና ባስተማረባቸው ዓመታት ይህ አመለካከት በተማሪዎች የፈተና ወረቀት ላይ ሲመላለስ አይቷል። «ፊልሙ ለልቦለዱ ታማኝ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም የተቆረጡ ምዕራፎችንና የተለወጡ ስሞችን በመቁጠር ያበቃል። እዚህ የሚሞከረው ይህንኑ ጥያቄ ከተዋናዩ በኩል መመልከት ነው። ለዚህ የተመረጠው እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ (1914-2000) ሲሆን፣ ምክንያቱ ዝናው አይደለም። ጊነስ ከመድረክ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ቴሌቪዥን ሲሸጋገር በአብዛኛው በልቦለድ እየተመራ የሄደ፣ ማንበብን የሙያው ግማሽ ያደረገ ሰው በመሆኑ ነው። (በተለየ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊነስ የተወለደው ኤፕሪል 2 ቀን 1914 በለንደን ከተማ ነው። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የአባት ስም የሚሰፍርበት ቦታ ባዶ ነበር፤ አባቱ ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ሳያውቅ ኖሮ ሞተ። በ1985 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ዐሥራ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሦስት ልዩ ልዩ ስሞች እንደነበሩት ይነግረናል። አንዳንድ ኀያስያን ከዚህ ተነሥተው፣ በኋላ ያሳየውን ሌላ ሰው የመሆን ችሎታ በልጅነቱ የስም እጦት ሊፈቱት ይሞክራሉ። የሕይወት ታሪክን ለሥራ መፍቻ ማድረግ ቀላል፣ ግን አሳሳች መንገድ ስለሆነ እዚህ አንገፋበትም። ትምህርቱን እንደጨረሰ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የማስታወቂያ ጽሑፍ አርቃቂ ሆኖ ሠራ፤ በ1934 ወደ መድረክ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ጆን ጊልጉድ ባዘጋጀው «ሐምሌት» ኦስሪክን ሆኖ ተጫወተ። በ1938 ደግሞ በታይሮን ጋትሪ አዘጋጅነት፣ ተዋንያኑ የዘመኑን ልብስ ለብሰው በቀረቡበት ዝግጅት ራሱ ሐምሌትን ሆነ። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ለእኛ ጉዳይ መነሻ የሚሆነው ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1939 መጨረሻ፣ ጦርነቱ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ጊነስ የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» የተባለ ልቦለድ ራሱ ወደ ተውኔት መልሶ በለንደን በአንድ አነስተኛ አዳራሽ እንዲታይ አደረገ። ለራሱ የመረጠው የሄርበርት ፖኬትን ቦታ ነው፤ የዋና ገጸ ባሕርዩን ደግና ድኻ ጓደኛ። በሠርጓ ቀን ተከድታ ዘመኗን ሁሉ የሙሽራ ልብሷን ሳታወልቅ የኖረችውን ሚስ ሀቪሻምን ማርቲታ ሀንት ተጫወተች። ትርኢቱን ከተመለከቱት መካከል በዚያን ጊዜ የፊልም አርታኢ የነበረው ዴቪድ ሊን ይገኝበታል። ሊን በ1946 ልቦለዱን ወደ ፊልም ሲመልስ ጊነስን በሄርበርት፣ ማርቲታ ሀንትንም በሚስ ሀቪሻም ቦታ ያስገባው ይህን ትርኢት በማስታወስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከዲከንስ ፊልሞች ሁሉ በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ሥራ ከመወለዱ በፊት፣ አንድ ወጣት ተዋናይ መጽሐፉን ይዞ ተቀምጦ «የትኛው ቃል በሰው አፍ ይነገር? የትኛውስ በተራኪ ይቅር?» እያለ ሲመርጥ እናገኘዋለን። ይህ ሥራ በመደበኛው አነጋገር የትወና ሥራ አይባልም፤ የጊነስ ትወና የጀመረው ግን ከዚህ ነው።

በመካከሉ ጦርነቱ ነበር። ጊነስ በባሕር ኃይል ተመልምሎ በ1943 በሲሲሊ ወረራ ጊዜ ወታደር የምታራግፍ ጀልባ አዛዥ ሆኖ ተሳትፏል።

ሊን ከዲከንስ ሁለተኛውን ልቦለድ፣ «ኦሊቨር ትዊስት»ን፣ ለመሥራት ሲዘጋጅ ጊነስ የፌጊንን ቦታ ጠየቀ። ፌጊን ሕፃናትን ሌብነት እያስተማረ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ሊን ሐሳቡን እንደ ቀልድ ነበር የቆጠረው፤ እርሱ የሚያውቀው ለስላሳውን ሄርበርትን ነውና። ጊነስ ግን አንድ ነገር ለመነ፤ በፊልም ሙከራው ቀን ሜካፑን ሠርቶ እስኪመጣ ድረስ እንዳያየው። በቀኑ ብቅ ያለው የሠላሳ ሦስት ዓመቱ ወጣት ሳይሆን፣ ጆርጅ ክሩክሻንክ በ1830ዎቹ ልቦለዱ በመጽሔት በተከታታይ ሲወጣ የሣለው ሽማግሌ ነበር፤ ያ ረጅም አፍንጫ፣ ያ ጢም፣ ያ ጎባጣ ትከሻ። ሊን ወዲያው ተሸነፈ፤ ቦታውም ለጊነስ ተሰጠ።

ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ከታማኝነት አንጻር ከተመዘነ ከዚህ የበለጠ ታማኝ ሥራ አይገኝም። ተዋናዩ ልቦለዱን ብቻ ሳይሆን ከልቦለዱ ጋር አብሮ የተወለደውን ሥዕል እንኳ ሳይዛነፍ በገላው ላይ አውጥቶታል። ይሁንና ፊልሙ በ1948 ሲወጣ፣ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ በናዚዎች ከተጨፈጨፉ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በ1949 በበርሊን ሲታይ ከጭፍጨፋው የተረፉ አይሁድ ባስነሡት ብርቱ ተቃውሞ ትርኢቱ ተቋረጠ። በአሜሪካ እስከ 1951 ድረስ ሳይታይ ቆየ፤ የታየውም ፌጊን ካለባቸው ትዕይንቶች በርካታ ደቂቃዎች ተቆርጠው ነው። የሚያስገርመው፣ በፊልሙ ውስጥ ፌጊን አይሁዳዊ መሆኑ በቃል አይነገርም። ቃሉን የፊልሙ ጽሑፍ አዘጋጆች አውጥተውታል፤ ያወጡትን ቃል ግን አፍንጫው መልሶ ተናገረው።

ጉዳዩን የበለጠ የሚያወሳስበው የዲከንስ የራሱ ታሪክ ነው። በ1863 ኤሊዛ ዴቪስ የተባለች አይሁዳዊት፣ ፌጊን በሕዝቧ ላይ የተፈጸመ በደል መሆኑን ገልጻ ለደራሲው ጻፈችለት። ዲከንስ በመጀመሪያ ራሱን ተከላከለ፤ በኋላ ግን «አወር ሚዩችዋል ፍሬንድ» በተባለው ልቦለዱ ራያ የሚባል ደግ አይሁዳዊ ፈጠረ፤ በ1867 በወጣው እትምም በ«ኦሊቨር ትዊስት» የኋላ ምዕራፎች ውስጥ «አይሁዱ» የሚለውን መጠሪያ በብዙ ቦታ እየሠረዘ «ፌጊን» ወይም «እርሱ» በሚል ተካው። ደራሲው በቃሉ ንስሐ ገባ ማለት ይቻላል። ሥዕሉ ግን ንስሐ አልገባም፤ እንደተሣለ ቀረ። ጊነስም ታማኝ የሆነው ለታረመው ዲከንስ ሳይሆን ላልታረመው ክሩክሻንክ ነው።

ይህን ፊልም ለተማሪዎች ካሳየሁ በኋላ የገጠመኝን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ለማለፍ አልፈልግም። አብዛኞቹ የጊነስን ችሎታ እያደነቁ ሲሥቁ ቆዩ። አንዲት ተማሪ ግን ውይይቱ ሊያልቅ ሲል፣ «መምህር፣ እኛስ በተረታችን ጠይቡን ሁሉ ቡዳ እያደረግን ስንተርክ ለማን ነው ታማኝ የምንሆነው?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የሚረባ መልስ አልነበረኝም፤ ሰዓቱ አልቋል ብዬ ወጣሁ። በአገራችን ብረት ቀጥቅጠውና ሸክላ ሠርተው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ራሳቸው «ቡዳ» እየተባሉ መኖራቸውን ላስታወሰ ሰው፣ ጥያቄዋ ከበርሊኑ ተቃውሞ ያን ያህል የራቀ አይደለም። ያን ቀን ያልመለስሁትን ዛሬ ብመልስ፣ የፌጊን ትወና ታላቅ ትወና ነው፤ በደልም ነው እላለሁ። ሁለቱ አይጣፉም። ትወናው ደካማ ቢሆን ኖሮ በደሉም ይህን ያህል ባልዘለቀ ነበር።

በዓመቱ የወጣው «ካይንድ ሀርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» (1949) ጊነስን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀ አስቂኝ ፊልም ነው። ሉዊ ማዚኒ የተባለ ወጣት እናቱን ከናቋትና ከገፏት መኳንንት ዘመዶቿ መካከል ለመስፍንነቱ ማዕረግ የሚቀድሙትን እየገደለ ወደ ላይ ይወጣል። ለጊነስ በመጀመሪያ የቀረቡለት አራት ቦታዎች ነበሩ፤ እርሱ ስምንቱንም ጠየቀ፤ መስፍኑን፣ የባንኩን ባለቤት፣ ቄሱን፣ ጄኔራሉን፣ አድሚራሉን፣ ሁለቱን ወጣቶች፣ እንዲሁም ለሴቶች የመምረጥ መብት የምትታገለውን እመቤት አጋታን። በቤተ ክርስቲያን የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ስድስቱ በአንድ ጊዜ ተቀምጠው ይታያሉ። የዛሬው ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ይህ የተሠራው ካሜራው እንዳይነቃነቅ ታስሮ፣ የመስታወቱ ክፍል በየተራ እየተሸፈነ፣ ያው ፊልም እየተጠቀለለ ደጋግሞ በማንሣት ነው፤ የካሜራ ባለሙያው ዳግላስ ስሎኮም ማንም እንዳይነካበት አጠገቡ እስከ ማደር ደርሷል።

የስምንቱ ገጸ ባሕርያት ብዛት ብዙውን ጊዜ እንደ ትንግርት ይነገራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ቁም ነገሩን በብዛቱ አያየውም። ልብ ብሎ ላየ ስምንቱ ሁሉ አንድ አጥንት አላቸው፤ ለዘመናት ማንም «ለምን?» ብሎ ያልጠየቃቸው ሰዎች መታከት። በቅኔ አነጋገር ስምንቱ ሰም ናቸው፤ ወርቁ አንድ መደብ ነው። ስምንት ተዋንያን ቢጫወቱት ኖሮ ስምንት ሰዎች ሲሞቱ እናይ ነበር። አንድ ሰው ሲጫወተው ግን የሚሞተው ቤቱ ነው።

ከፌጊን ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር እዚህም አለ። ፊልሙ የተመሠረተው ሮይ ሆርኒማን በ1907 ባሳተመው «ኢዝሬል ራንክ» በተባለ ልቦለድ ላይ ነው። በልቦለዱ ነፍሰ ገዳዩ በአባቱ አይሁዳዊ ነው። የፊልሙ ሰዎች ይህን ለውጠው በአባቱ ኢጣሊያዊ አደረጉት። ታማኝነት በጎደለበት በዚህ ሥራ ማንም አልተበደለም፤ ፊልሙም አልጎደለበትም። ሁለቱ ፊልሞች በአንድ ዓመት ልዩነት የወጡ፣ አንዱን ተዋናይ የያዙ በመሆናቸው ጎን ለጎን ቢጠኑ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡትን የ1950ዎቹ ቀልዶች፣ «ዘ ላቬንደር ሂል ሞብ»ን፣ «ዘ ማን ኢን ዘ ኋይት ሱት»ንና «ዘ ሌዲኪለርስ»ን፣ ስማቸውን ጠቅሰን እንለፍ። የጽሑፉ ርእስ የሆነው «ፊት አልባ» የሚለው ስም ግን በእነዚህ ዓመታት የተጠናከረ ነው። ጊነስ በመንገድ ሲሄድ ማንም አይለየውም ይባል ነበር፤ ኀያስያንም ጭምብሉ ሲወልቅ ከሥሩ ምን እንዳለ መጠየቅ ጀመሩ።

መልሱን መስጠት የጀመረው «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ኳይ» (1957) ነው። መነሻው ፈረንሳዊው ፒዬር ቡል በ1952 ያሳተመው ልቦለድ ነው። በጃፓኖች የተማረኩ የእንግሊዝ ወታደሮች አዛዥ ኮሎኔል ኒኮልሰን ለክብሩና ለሥርዓቱ ሲል ለጠላቱ ጥሩ ድልድይ ይሠራል። ጊነስ ቦታውን በመጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ከተቀበለም በኋላ ከሊን ጋር በገጸ ባሕርዩ ላይ አልተስማሙም። ጊነስ ለሰውዬው ጥቂት ቀልድና ርኅራኄ ሊሰጠው ይፈልግ ነበር፤ ሊን ግን ደረቁን ሰው ፈለገ። ተመልካች የሚያየው የሁለቱን ጠብ ውጤት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ኒኮልሰን ከታሰረበት የቆርቆሮ ሣጥን ወጥቶ ወደ ጃፓናዊው አዛዥ ሲራመድ፣ ጊነስ አረማመዱን የወሰደው በልጅነት ልምሻ ታሞ በማገገም ላይ ከነበረው ከልጁ ነው። ሌላም አለ። ኮሎኔሉ በተጠናቀቀው ድልድይ ላይ ቆሞ ጀንበር ስትጠልቅ ስለ ሃያ ስምንት የውትድርና ዓመታቱ የሚናገርበትን ትዕይንት ሊን ያነሣው ከጀርባው ነው። ጊነስ በዚህ ክፉኛ ተቆጣ። ፊት የለውም የሚባለው ተዋናይ ፊቱን ሊያሳይ ባሰበበት ሰዓት ማጅራቱ ተነሣ። ትዕይንቱ ግን ከፊልሙ ሁሉ የሚልቅ ነው፤ ባለ ዝናው ተዋናይ የሚለው ሁሉ በትከሻው ላይ ይነበባል።

በልቦለዱ ድልድዩ አይፈርስም፤ በፊልሙ ይፈርሳል። ስለዚህ ልዩነት ብዙ ስለተጻፈ አንደግመውም። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፉት ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን በአሜሪካ በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ሥራ የተከለከሉ ስለነበሩ ኦስካሩ ለቡል ተሰጠ፤ ስማቸው በሽልማቱ የተመለሰላቸው በ1984፣ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው። ጊነስ በዚሁ ፊልም የምርጥ ተዋናይነትን ኦስካር አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የጆይስ ኬሪን ልቦለድ «ዘ ሆርስስ ማውዝ»ን ራሱ ወደ ፊልም ጽሑፍ መልሶ ራሱ ተጫወተበት፤ ለጽሑፉም ለኦስካር ታጨ። የ1939ኙ አንባቢ አልሞተም ነበር።

በ1959 «ሰር» ተባለ። በ«ሎሬንስ ኦፍ አሬቢያ» (1962) ልዑል ፈይሰልን፣ በ«ዶክተር ዢቫጎ» (1965) የባለታሪኩን ወንድም ሆኖ ሠራ። በ1977 ደግሞ «ስታር ዋርስ» መጣ። በዚህ ፊልም ያገኘው ገንዘብ ቀሪ ዕድሜውን ያለ ስጋት እንዲኖር አስችሎታል፤ እርሱ ግን ፊልሙ ባመጣለት የአድናቂ ደብዳቤ ሲመረር ኖረ። ዛሬ ስሙን የሚያውቁ ወጣቶች አብዛኞቹ የሚያውቁት በዚህ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ ዋናው ነጥብ የሚያደርሰን ቴሌቪዥን ነው። ቢቢሲ በ1979 የጆን ለ ካሬን «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» በሰባት ክፍል፣ በ1982 ደግሞ «ስማይሊስ ፒፕል»ን በስድስት ክፍል አቀረበ። ጆርጅ ስማይሊ በልቦለዱ አጭር፣ ወፍራምና መነጽራም ነው፤ የመነጽሩን መስታወት በከረቫቱ ሰፊ ጫፍ የሚወለውል ጡረተኛ ሰላይ። ጊነስ እንደዚያ አለመወፈሩ አሳስቦት ነበር። እውነተኛ ሰላይ ማየት ስለፈለገም ለ ካሬ የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ኀላፊ ከነበሩት ከሰር ሞሪስ ኦልድፊልድ ጋር በምሳ አገናኘው። በዚያ ገበታ ላይ ጊነስ ሲያጠና የነበረው ሰውዬው ስለ ስለላ የሚናገሩትን አልነበረም፤ አለባበሳቸውንና የእጃቸውን እንቅስቃሴ ነበር።

በፌጊን ጊዜ ጊነስ ከሥዕሉ አንዲት መሥመር አልጣለም። በስማይሊ ጊዜ ግን ውፍረቱን ጣለው፤ ሰው ሠራሽ አፍንጫም ጢምም የለም። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ማዳመጥ። የሁለቱ ተከታታይ ፊልሞች አብዛኛው ክፍል ሌላው ሰው ሲናገር ስማይሊ ሲሰማ ነው። የቀድሞዋ ባልደረባው ኮኒ ሳክስ ስታወራ፣ ስታለቅስ፣ ስትሥቅ ካሜራው ደጋግሞ ወደ እርሱ ይመለሳል። በዚያ ፊት ላይ የሚነበበው ጥቂት ነው፤ የዓይን ሽፋን ትንሽ ዝቅ ማለት፣ የከንፈር ትንሽ መጨበጥ። ለ ካሬ በልቦለዱ ስማይሊ በልቡ የሚያስበውን በተራኪው አማካይነት በረጅም አንቀጽ ያስቀምጠዋል። ተራኪ በሌለበት ሥራ ያን አንቀጽ ማን ይያዘው? ጊነስ በዝምታው ያዘው። ይህም ሊሆን የቻለው ጊዜ ስለነበረ ነው። በ2011 ጌሪ ኦልድማን የተጫወተበት፣ በሁለት ሰዓት ያለቀው ፊልም በራሱ መልካም ሥራ ቢሆንም እንዲህ ያለ ረጅም ዝምታ የመግዛት አቅም አልነበረውም። ተከታታይ የቴሌቪዥን ድርሰት ከፊልም ይልቅ ለልቦለድ የቀረበ ነው የሚለውን ክርክር ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ለ ካሬ በኋላ እንደተናገረው፣ ስማይሊን ለመጻፍ በተቀመጠ ቁጥር የሚሰማው የጊነስ ድምፅ ስለነበር ገጸ ባሕርዩ ከእጁ ወጥቶበታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ መጽሐፉን ገልጠን በዓይናችን ስናነብ እንኳ በጆሯችን የሚመጣው የወጋየሁ ድምፅ የሆነብን ብዙዎች ነን። ጉዱ ካሣ ሲናገር የምሰማው የደራሲውን ጉዱ ካሣ ይሁን የተራኪውን እስከ ዛሬ መለየት አልቻልሁም። የወጋየሁ መሣሪያ ድምፅ፣ የጊነስ ዝምታ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

የመብሰሉ ታሪክ ቀጥ ያለ መሥመር ነው እንዳንል የሚከለክለን «ኤ ፓሴጅ ቱ ኢንዲያ» (1984) ነው። ሊን የመጨረሻ ፊልሙ በሆነው በዚህ ሥራ ጊነስን ፊቱን አጠይሞ ሂንዱውን ፕሮፌሰር ጎድቦሌን እንዲጫወት አደረገው። በሕንዳውያን ተዋንያን መካከል ቆሞ ሲታይ ያሳፍራል። ጊነስ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ወደ ተወው ስሕተት ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ እንደ ፌጊን የሚያስደምም ጥበብ እንኳ የለበትም። የኤድዋርድ ፎርስተር ልቦለድ ጎድቦሌን ሊጨበጥ የማይችል፣ ምሥጢር ያዘለ ሰው አድርጎ ሣለው፤ ፊልሙ ግን ምሥጢሩን ቀለም አደረገው። ከጊነስ ትዕይንቶች የተወሰኑት ተቆርጠው ቀሩ፤ ሁለቱ የዕድሜ ልክ ባልንጀሮችም በቅሬታ ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ፣ ወደ ሰባ ሦስት ዓመቱ ሲጠጋ፣ እንደገና ዲከንስ መጣ። ክሪስቲን ኤድዛርድ «ሊትል ዶሪት»ን ስድስት ሰዓት በሚወስድ ባለ ሁለት ክፍል ፊልም ስትሠራ (1987) ጊነስ ዊልያም ዶሪትን ሆነ። ዶሪት በዕዳ ምክንያት በማርሻልሲ ወኅኒ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ፣ የእስረኞች አባት መባልን እንደ ማዕረግ የያዘ፣ ከጎብኚ ሳንቲም ሲቀበል እንኳ ግብር እንደሚቀበል መስፍን የሚኮፈስ ሰው ነው። የዲከንስ አባት ራሱ በ1824 በዚያው ወኅኒ ታስሮ ነበር። በልቦለዱ ዶሪት ሳይታሰብ ባለጠጋ ሆኖ ከእስር ይወጣል፤ ቤተሰቡን ይዞ ኢጣሊያ ይገባል፤ ያለፈውንም ማንም እንዳያነሣበት ይከለክላል።

በሮም በአንድ ታላቅ ግብዣ ላይ ግን አእምሮው ይከዳዋል። በጌጥ የተንቆጠቆጡት እንግዶች አዲስ የገቡ እስረኞች መስለው ይታዩታል። ሽማግሌው ከመቀመጫው ይነሣና እንኳን ወደ ማርሻልሲ በደኅና መጣችሁ ይላቸዋል፤ ቦታው ጠባብ ቢሆንም አየሩ ጥሩ መሆኑን ይነግራቸዋል፤ እንደ ልማዱም ለእስረኞች አባት የምትሰጥ ትንሽ ስጦታ ካለች እንደማይጠላ በትሕትና ያመለክታል። ጊነስ ይህን ሲጫወት በፊቱ ላይ ከዕድሜው ሌላ የተቀባ ነገር አልነበረም።